ሠሪው፣ መምህሩ፣ ተሟጋቹ

አርክቴክት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አዲስ ሕንፃ የሚያቆም ሰው ነው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስን በዚህ ሚዛን ብቻ ብንመዝናቸው ግን የሥራቸውን እኩሌታ እንስተዋለን። ሕንፃ ይነድፋሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችን አስተምረዋል፤ አሮጌ ቤቶች እንዳይፈርሱም በአደባባይ ተሟግተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው፤ ከተማዋ ያለፈችበትን እንዳትረሳ ማድረግ።

አንዱ ምስክር በመስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ንድፉ የእሳቸው ሲሆን የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። በ1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰባበሩት በዚሁ አደባባይ ነበር። ሙዚየሙ ከአደባባዩ ስፋት ጋር አይፎካከርም፤ ለቅሶ ቤት እንደ ተቀመጠ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ከሟቾቹ ፎቶግራፍና አጽም ፊት ስቆም ስለ ግንቡ ማሰቤን ተውኩ። ለእንዲህ ያለ ቤት ንድፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አላውቅም።

ሁለተኛው ምስክር ከዴኒ ዤራር ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት መጽሐፍ ነው። ከ1886 እስከ 1941 የነበረችውን አዲስ አበባ ከነሥነ ሕንፃ ቅርሷ ያሳያል። ባለ ሰፊ በረንዳ የመኳንንት ቤቶችን፣ የአርመንና የሕንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸውን ሥራዎች እናይበታለን።

እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። መጽሐፉ የተጻፈው በፈረንጅ ቋንቋ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ከነዚያ ቤቶች አያሌዎቹ ተሸንሽነው የቀበሌ ቤት ሆኑ። ጣሪያው ለሚያፈስበት፣ መጸዳጃ ቤት ከጎረቤት ጋር ለሚጋራ ተከራይ «ይህ ቅርስ ነው» ቢሉት ምኑ ነው? በገዛ ቋንቋው ካልተነገረው፣ ጥገናውም ኑሮውን ካላሻሻለለት፣ ቤቱ ሲፈርስ ለምን ያዝናል? ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ ስለ ቅርስ የምንጽፍ ሁሉ ለእርስ በርሳችን ስናወራ ኖረናል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ መጽሐፍ ግንብን ከዶዘር እንደማያስጥል አየን። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የተሟጋቹ ድካም ከንቱ ቀረ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ነገ ሌላ ሰፈር ተራው ሲደርስ፣ ይፍረስ ወይም ይጠገን ብሎ ከሚፈርሙት መካከል የፋሲል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ትምህርታቸው የሚፈተነው ያን ዕለት ነው። ያ ተማሪ ከመፈረሙ በፊት ወደ ቤቱ ገብቶ ነዋሪዋን «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ ከመምህሩ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ ማለት ነው።