ዋሽንት በፒያኖ
ስለ ግርማ ይፍራሸዋ ሥራዎች የቀረበ አስተያየት

ባለፈው ጊዜ ስለ ልብ ወለድ ጽፈን ነበርና አንዳንድ አንባብያን «ስለ ሙዚቃም በሉን እንጂ» ሲሉ መልእክት ላኩልን። እኛም ቃላችሁን ተቀብለን፣ ጅቡቲ ከተማ ባልባላ ሰፈር በአንድ ወዳጃችን ጠባብ ክፍል አምስት ሆነን ተቀመጥንና የፒያኖ ተጫዋቹን የመምህር ግርማ ይፍራሸዋን «ላቭ ኤንድ ፒስ» የተባለ አልበም ከስልክ አዳመጥን። ሙቀቱ አላስቀምጥ ስላለን በሩ ክፍት ነበር፤ የመንገዱም ጫጫታ ከሙዚቃው ጋር ይገባ ነበር። እንዲህ ሆኖ የተሰማ ፒያኖ ለፍርድ አይበቃም የሚል ይኖር ይሆናል። ሌላ አዳራሽ ግን የለንም።

መምህር ግርማ እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው የለመዱት ክራርን ሲሆን፣ ከፒያኖ ጋር የተገናኙት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ይህ ለፒያኖ የዘገየ ዕድሜ ነው፤ በአውሮፓ ለኮንሰርት የታሰበ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ጣቱን ያፍታታል። ከያሬድ በኋላ ወደ ቡልጋሪያ ተልከው በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ከፕሮፌሰር አታናስ ኩርቴቭ ዘንድ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የቡልጋሪያ ሥርዓት ሲለወጥ ግን ትምህርታቸው ተቋረጠና ወደ ኢጣሊያ ለመሄድ ተገደዱ፤ ኋላ ወደ ሶፊያ ተመልሰው ጨረሱ። አገር ቤት ገብተውም ከ1995 እስከ 1998 በያሬድ ፒያኖ አስተማሩ።

እዚህ ላይ አልበሙን አቁመን ብዙ ተከራከርን። እኛ ከመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ የወጣን ሰዎች ነን፤ የተቋረጠ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ግማሽ ላይ የቀረ የተማሪ ደብተር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ ሰውየው ወደ ሶፊያ መመለሳቸውን ከአልበሙ እኩል አደነቅነው። በማስተማሩ ላይ ግን ከመካከላችን አንዱ ተቆጣ። «ሦስት ዓመት አስተምሮ ወደ መድረክ መሄድ ለኛ አገር ቅንጦት ነው፤ አንድ ፒያኖ ተጫዋች ለማፍራት እንኳ ሦስት ዓመት አይበቃም» አለ። ሌላው ደግሞ፣ መምህር ራሱ የማይጫወተውን ለልጅ ምን ብሎ ያሳያል ሲል መለሰለት። ይህን ክርክር አልፈታነውም፤ ቁጣው ግን ከገዛ ሐዘናችን የመጣ መሆኑን ሁላችንም አወቅነው።

ወደ ሥራዎቹ እንለፍ። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከዚያ በፊት በ2013 ብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ ተጫውተው ነበር። በውስጡ «እረኛው ባለዋሽንት»፣ «አምባሰል»፣ «ጨዋታ»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ» የተሰኙ ሥራዎች አሉ። ዋናው ጥያቄ የሚነሳው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው።

ፒያኖ ማለት ጅማቱን በመዶሻ የሚመታ መሣሪያ ነው። ድምፁ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ እየሞተ ይሄዳል እንጂ አያድግም። ዋሽንት ደግሞ አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ሆኖ ሳለ በትንፋሽ ድምፁን ያሳድገዋል፣ ያንሸራትተዋል። መምህር ግርማ ይህን ጉድለት የሚሸፍኑት ድምፆችን ደጋግሞ በመነካካት፣ በጌጥ፣ በፔዳሉም አንዱን ድምፅ ከሌላው ላይ በማሳደር ነው። በ«እረኛው ባለዋሽንት» ይህ ዘዴ ተሳክቶላቸዋል እንላለን። ከዜማው ይልቅ በዜማው መካከል ያለው ዝምታ እረኛውን አሳየን፤ እረኛ ነፍቶ ነፍቶ ከብቱን ቀና ብሎ የሚያይበት ዝምታ።

«አምባሰል» ላይ ሳለን የጎረቤታችን እናት፣ ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ በሩ ላይ ቆሙ። «ይኼን ከየት አመጣችሁት? የኛ አገር ነው እንዴ?» አሉን። ነው አልናቸው። ጥቂት ሰምተው «አምባሰል ነው፤ ግን አይቃትትም» ብለው ሄዱ።

እኛ በብዙ ወረቀት የምንለውን እኚህ ሴት በሁለት ቃል ተናገሩት። የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች ሲኖሩት፣ በመካከላቸው ሁለት በጣም ጠባብ እርምጃዎች አሉ። ክራር መቺ እነዚያን እርምጃዎች በጆሮው ለክቶ፣ እንደ ስሜቱም ጥቂት አጥብቆ ወይም አላልቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ዘፋኝም ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። በፒያኖ ግን አሥራ ሁለቱ ድምፆች አስቀድሞ እኩል እኩል ተለክተው ተቀምጠዋል። መቃተት ያለው በሁለቱ ድምፆች መካከል ነው፤ ፒያኖ ደግሞ መካከል የለውም። ይህ የተጫዋቹ ጥፋት አይደለም። ይሁንና ይህ ባዶ ቦታ በሾፐን ዓይነት ጣፋጭ ማጀቢያ ሲሞላ፣ ለኛ ጆሮ ኀዘኑ ጫማ ተጫምቶ የመጣ ይመስላል።

ለማነጻጸር ያህል እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረው፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት ያንኑ መሣሪያ ይዘው ሌላ መንገድ ሄደዋል። እሳቸው ምቱን ይለቁታል፤ ሲፈልጉ ይዘገያሉ፣ ሲፈልጉ ይቸኩላሉ፣ ለራሳቸው የሚያጉረመርሙ ይመስላሉ። መምህር ግርማ ግን አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ልብሳቸውን አስተካክለው ይመጣሉ። ከቤትሆቨንና ከሹማን አጠገብ አምባሰልን ማስቀመጥ የፈለገ ሰው እንዲህ ማድረግ እንደሚገባው እንረዳለን። ከሁለቱ ለሌሊት የትኛውን ትመርጣላችሁ ብትሉን፣ እማሆይን። ለልጆች ክፍል ግን ያለ ጥርጥር መምህር ግርማን፤ መስመሩ ይታያል፣ ዜማው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በጣት ይጠቆማል።

«ጨዋታ» እና «እልልታ» ደስ ይላሉ፤ ከዚያ የበለጠ የምንለው የለንም። «ሰመመን»ን ስንጀምር የስልኩ ባትሪ አለቀ።

በሚመጣው ሳምንት ስልኩን ሞልተን ወደ ካምፑ ይዘነው እንመጣለን። ክራር ያላችሁ ክራራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ አምባሰልን በፒያኖም በክራርም አከታትለን እንስማና ተከራከሩን። እኚያን እናት ይዘናቸው ለመምጣት ለምነናቸዋል፤ «መኪና ካለ» ብለውናል።