ሱሊን ማን ገደለው?

“ቶፕ ቦይ” የተሰኘው የእንግሊዝ የወንጀል ድራማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በኔትፍሊክስ ከተቋጨ ወዲህ አድናቂዎቹን አንድ ጥያቄ አልለቀቃቸውም፤ ሱሊን ማን ገደለው? መኪናው ውስጥ ሳለ ይተኮስበታል፤ የተኳሹ ፊት ግን አይታይም። ስም የሚጠቅሰው፣ ማስረጃ የሚደረድረው ብዙ ነው። ከዚያ ተኩስ ቀደም ብሎ ያለው ትዕይንት ግን እምብዛም አይወሳም። ስቴፍ የተባለ ታዳጊ፣ ወንድሙን በገደለበት በሱሊ ላይ ሽጉጥ ይደግንና ሳይተኩስ ይተወዋል። የድራማው አንኳር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ በሰሜን ለንደን ለሚገኘው የፊንስበሪ ፓርክ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ሠፈሩ የሃክኒ፣ የኢዝሊንግተንና የሃሪንጌይ አስተዳደሮች የሚዋሰኑበት ነው፤ ድራማው የቆመበት ሰመርሃውስ የተባለው የካውንስል ቤቶች ሠፈርም፣ የፈጠራ ቢሆንም፣ ሃክኒ ውስጥ ነው። የሰሜን አየርላንድ ተወላጁ ደራሲ ሮናን ቤኔት ድራማውን ለመጻፍ የተነሳሳው፣ በሚኖርበት በሃክኒ አንድ ታዳጊ በሱፐርማርኬት ደጃፍ እፅ ሲሸጥ አይቶ መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ የታሪኩ ዘር የወንበዴ አለቃ ሳይሆን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በቻናል 4 በአራት ክፍሎች የቀረበው የመጀመሪያ ምዕራፍም ይህንን ያከብራል። እናቱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ስትገባ ብቻውን የቀረው ራኔል፣ ከሁለቱ የእፅ አለቆች፣ አሽሊ ዋልተርስ ከሚጫወተው ዱሼንና ኬኖ ከሚጫወተው ሱሊ፣ እኩል የታሪኩ ባለቤት ነበር።

ቻናል 4 ድራማውን ከ2013ቱ ሁለተኛ ምዕራፍ በኋላ አቋረጠው። ዘፋኙ ድሬክ ደግፎት በ2019 በኔትፍሊክስ ሲመለስ መድረኩ ሰፋ፤ የተመልካቹም ዓይን ወደ ሁለቱ አለቆች አዘነበለ። የዱሼንና የሱሊ ደጋፊ ተብሎ ጎራ ተለየ። ዱሼን አርቆ አሳቢ ነው፤ ሱሊ ግን ልብ አለው ይባላል። እውነት ነው፣ ሱሊ ጄሰን ለተባለው ጎስቋላ ልጅ ያሳየው ርኅራኄ ይነካል። ግን ያው ሰው የረጅም ጊዜ ባልደረባውን ድሪስን ይገድላል፤ በ2022ቱ ምዕራፍ መጨረሻ ደግሞ የስቴፍን ታላቅ ወንድም ጄሚን በገዛ ቤቱ፣ ታናናሽ ወንድሞቹ ባሉበት ተኩሶ ይገድለዋል። ደጋፊው ይህን ሁሉ እያየ ከጎኑ ይቆማል።

ይህ የለንደን ተመልካች ብቻ ጠባይ አይደለም። “ብሬኪንግ ባድ” በተሰኘው የአሜሪካ ድራማ ውስጥ ዋልተር ዋይት ከኬሚስትሪ መምህርነት ወደ እፅ አምራችነትና ነፍሰ ገዳይነት ሲወርድ፣ የብዙ አድናቂዎች ቁጣ ያረፈው በሚስቱ በስካይለር ላይ ነበር። ተዋናይቷ አና ገን ጥላቻው በገፀ ባህሪዋ ሳይቆም ወደ ራሷም መሻገሩን በነሐሴ 2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ጽፋለች። ካሜራው ለዓመታት ከአንድ ሰው ትከሻ ካልወረደ፣ ተመልካቹ ለዚያ ሰው መጨነቅ ይለምዳል፤ እንቅፋት የሆነበትን ሁሉ እንደ ጠላት ያያል፣ የተበደለውንም ጭምር።

የኢትዮጵያ ተመልካችም ለዚህ ስሜት እንግዳ አይደለም። በኢቲቪ በየሳምንቱ የታየውና በ2006 ዓ.ም. ያበቃው “ሰው ለሰው” ተከታታይ ድራማ ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ፣ ሀብቱ በወንጀል የተጨማለቀ ክፉ ሰው ሆኖ ሳለ በሕዝብ ዘንድ ከመልካሞቹ ገፀ ባህሪያት ይልቅ ገኖ ነበር። ልዩነቱ አስናቀ ከመነሻው ክፉ መሆኑ ነው። ተመልካቹ ግርማ ሞገሱን እያደነቀም ቢሆን የሚጠብቀው መጋለጡን ነበር፤ ለጥፋቱ ምክንያት የመፈለግ ግዴታ አልነበረበትም። ቀስ በቀስ የሚወርድ ሰው ግን በየደረጃው ሰበብ ያቀርባል፤ ሰበቡን የሚያጸድቅለት ደግሞ ተመልካቹ ነው።

በዚህ ረገድ ከሱሊ ጥይቶች ሁሉ የሚከብደው የዱሼን ገንዘብ ነው። ዱሼን “ንጹሕ” ሀብታም ለመሆን ሲል፣ ያደገበትን ሰመርሃውስን አፍርሶ በሚገነባ ፕሮጀክት ላይ ገንዘቡን ያፈሳል፤ የሚፈናቀሉት የገዛ ጎረቤቶቹ ናቸው። ይህ የደራሲ ምናብ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተቀረፀበት በደቡብ ለንደን የሚገኘው የሄይጌት የካውንስል ሠፈር ነዋሪዎቹ ተነሥተው ፈርሷል። ከፊንስበሪ ፓርክ በእግር የሚደረስበት ውድበሪ ዳውንም አሮጌዎቹ ሕንፃዎች እየፈረሱ በአዳዲስ ፎቆች እየተተኩ ነው። አድናቂው ግን ይህን የዱሼንን ሥራ “ንግድ ነው” ብሎ ያልፈዋል፤ ደም አልታየበትማ።

በመጨረሻው ምዕራፍ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች አንድ ነዋሪ ሊወስዱ ሲመጡ ሠፈርተኛው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይጋፈጣቸዋል። በፊንስበሪ ፓርክ ዙሪያ ለሚኖር ስደተኛ ከድራማው ሁሉ የቀረበው ትዕይንት ይህ ነው፤ ሁለቱም አለቆች መሪዎቹ አይደሉም። ቤኔት ተኳሹን ደብቆ ክርክሩን ሁሉ ወደ ሱሊ አሟሟት ከሚመልስ ይልቅ፣ ካሜራውን ከነዚህ ሰዎችና ከስቴፍ ጋር ትንሽ ቢያቆየው ኖሮ፣ የተመልካቹም ክርክር ማን ገደለ ከሚለው አልፎ ልጁ ለምን ሳይተኩስ ቀረ ወደሚለው በደረሰ ነበር።