ከፍርሃት የተወለደ ጽናት፤ ስለ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ኢጣሊያ ጥይት ተረሸኑ። አርበኞችን አውግዘው ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ ይሰብኩ ዘንድ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ነበር። ታሪክ እምቢታውንና ፍጻሜውን መዝግቧል፤ ከእምቢታው አስቀድሞ በጳጳሱ ልብ ውስጥ የተካሄደውን ትግል መግለጽ ግን የኪነ ጥበብ ድርሻ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ባሰፈረው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘ ግጥሙ የያዘው ይህንኑ ድርሻ ነው።

የግጥሙ ጴጥሮስ በገዳዮቹ ፊት አይፎክርም፤ እመ ብርሃንን ያነጋግራል። ስለ አገሩ መከራ ይሞግታታል፤ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ ብቸኝነቱንና ፍርሃቱን ሳይሸሽግ ይናገራል። በዚህም ደራሲው ከገድል ልማድ ይለያል። በገድል ሰማዕቱ ብዙ ጊዜ ወደ ሰይፍና ወደ እሳት የሚሄደው ደስ እያለው ነው። የጸጋዬ ጴጥሮስ ግን ይበልጥ የሚቀርበው በጌቴሴማኒ ተጨንቆ ለጸለየው ክርስቶስና በመዝሙረ ዳዊት ለሚሰማው የመከረኛ ሰው እሮሮ ነው።

ሙግቱን እንደ ክሕደት የሚቆጥር አንባቢ ይስታል። በአበው ትውፊት ኢትዮጵያ የድንግል ማርያም የአሥራት አገር ናት። ስለዚህ የሚሞግተው ተስፋ የቆረጠ ሰው ሳይሆን ቃል ኪዳንን የሚያስታውስ ባለ አደራ ነው። ሰው የሚሞግተው ይሰማኛል ብሎ የሚያምነውን ነውና።

«ዓይንን ወደ ሰማይ ማንሣት የታጋይን ክንድ ያዝላል» የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። ስለ አንዳንድ ጸሎት ይህ እውነት ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ስለዚህ ግጥም ግን አይደለም። ጴጥሮስ የሚሻው ከጥይቱ መትረፍን ሳይሆን በጥይቱ ፊት መጽናትን ነው። እምነቱ ውሳኔውን አይወስንለትም፤ ፍርሃቱን አውጥቶ የሚናገርበት ስፍራ ይሰጠዋል እንጂ። ድፍረቱ የሚታመነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ግጥሙ የአንድ ሰው ንግግር በመሆኑ ከሳሹና ዳኛው ድምፅ የላቸውም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ይኖራል። ሆኖም ግጭቱን ወደ ውስጥ የመለሰውና ያጠነከረው ይኸው ምርጫ ነው። የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከአቀራረብ ነው። ግጥሙ በመድረክና በትምህርት ቤት በዓላት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጩኸት ሲነበብ፣ ጴጥሮስ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ሐውልት ሆኖ ይቀርባል። ሐውልት አይፈራም፤ ስለዚህም ጸና አይባልም።

እንግዲህ ተዋናዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚጸልይ ሰው ሊጀምር ይገባዋል። ድምፁ ከፍ ማለት ያለበት ልቡ ከቆረጠ በኋላ ነው። መምህሩም ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ የፍርሃቱን ስንኞች አይዝለላቸው። መከራ በየቤቱ ይገባል፤ የሚሰማውም ወጣት ነገ በራሱ መከራ ፊት ሲቆም ጉልበቱ ቢብረከረክ፣ የፈራ ሰው ሊጸና እንደሚችል ከጴጥሮስ ተምሮ ይገኝ።