ፊደል ከመቁጠር ቅኔ እስከ መቁጠር

ጎጃም ውስጥ «ቆጠረ» የሚለው ግስ በትምህርት ደጃፍ ሁለት ሥራ አለው። ሕፃን ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቅኔ ይቆጥራል። ፊደል ቆጣሪው ሌላ ሰው ደርድሮ ያስቀመጠለትን በስንጥር እየነካ ከዳር እስከ ዳር ይጠራል። ቅኔ ቆጣሪው ግን ጫካ ገብቶ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ትናንት ያልነበረውን ቃል ከቃል አጋጥሞ ይወልዳል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን የተቀባይና የፈጣሪ ያህል ይራራቃል። ልጆችን በኪነ ጥበብና በጨዋታ ማንበብና መጻፍ ስለ ማስተማር ስናወራ፣ የምናወራው በእነዚህ ሁለት ቆጠራዎች መካከል ስላለው ርቀት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ይህ ሐሳብ ባለፉት ሃያ ዓመታት በየአዳራሹ ሲነገር ሰምተናል። ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ግን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አዲስ መድኃኒት ነው። መምህሩ ሦስት ቀን ይሠለጥናል፣ ባለ ቀለም ካርዶች ይታደሉታል፣ ካርዶቹ ሲያልቁ ጨዋታውም ያልቃል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ እዚሁ ደጃችን ላይ ነበር፣ የጎደለን እሱን ለሕፃኑ የማድረስ ድፍረት ነው።

ለአብነት መራዊን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ የምትገኝ የሜጫ ከተማ ናት። በአጠገቧ የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታስቦ ተሠርቷል። በአንድ በኩል ባሕር ዳር፣ በ1965 ዓ.ም. «አካዳሚ ኦፍ ፔዳጎጂ» ተብሎ የተከፈተውና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን እንዲያፈራ የታሰበው ተቋም አለላት። በሌላው በኩል በመላ አገሪቱ ስማቸው የሚጠራው የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ እነ ዋሸራና እነ ጎንጅ፣ አሉላት። ከዘመናዊው የማስተማር ጥበብና ከነባሩ የመፍጠር ጥበብ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት ማለት ነው። ታዲያ የመራዊ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከሁለቱ የትኛው ደረሰው?

መልሱን ከማምጣታችን በፊት ነባሩን ትምህርት ሳናሞግስም ሳናንቋሽሽም እንመልከተው። የፊደል ቤቱ በዜማ ይጀምራል። ልጁ «ሀ ሁ»ን በጩኸት ይጠራል፤ ቀጥሎ በመልእክተ ዮሐንስ፣ ኋላም በዳዊት ላይ ንባቡን በየስልቱ ይለማመዳል። ይህን ትምህርት «ሽምደዳ» ብሎ መዝለል ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጁ የ«ሀ ሁ»ን ተራ እንደ ዘፈን ከያዘው በኋላ ዐይኑ ፊደሉ ላይ መሆኑ ይቀርና አፉ ብቻ ይሄዳል። ከመካከል አንዷን ፊደል ነጥለው ቢጠይቁት ለመመለስ ከመነሻው መጀመር ግድ ይሆንበታል። የጥንቶቹ መምህራን ለዚህ አቡጊዳ አላቸው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይቀየራል። ዘፈኑን ሰብሮ ዐይንን የሚያስገድድ ድርድር ነው። እኔ ይህን ጨዋታ እለዋለሁ፤ ጨዋታ ማለት ሕግ ያለው፣ ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣውን በልማድ ብቻ የማታገኝበት ነገር ነውና።

ቅኔ ቤቱ ከዚህ ይልቃል። ተማሪው ሁሉን ካወቀ በኋላ እንዲፈጥር አይጠበቅም፤ እየፈጠረ እንዲያውቅ ይደረጋል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ይሰጠዋል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ናት፤ ሰም አላት፣ ወርቅ አላት። ቀኑን ቆጥሮ የዋለውን ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያቀናለታል፣ ይነቅፈዋል፣ ሲያምርለትም ያደንቀዋል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ይሄዳል። ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ምሥጢር፣ ሁሉም የሚገባው በዚህች የዕለት ፈጠራ በኩል ነው። ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ ጎጃም ቅኔ ተምረው፣ ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ ማስተማራቸው የሚነግረን ቁም ነገር አለ። ዐይን ፊደሉን ባያየውም ጆሮና ልብ ቃሉን ሊሠሩት ይችላሉ፤ የንባብ ሥሩ ከዐይን በፊት ጆሮ ላይ ነው።

ይሁንና ነባሩን ቤት ጣዖት አላደርገውም። አለንጋው ነበረ፣ ረኀቡ ነበረ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ ያነበበ ሰው ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም። ለሴት ልጅ በሩ ጠባብ ነበር፤ እማሆይ ገላነሽ ስማቸው የገነነው እንደሳቸው ያሉት ጥቂቶች ስለነበሩም ጭምር ነው። ከሁሉ በላይ ግን የፈጠራው ማዕድ የሚዘረጋው የፊደሉን፣ የንባቡንና የዳዊቱን ዓመታት ተሻግሮ ለደረሰ ብቻ ነበር። በመንገድ የቀረው ብዙኃኑ ቆጥሮ ይቀራል፤ ሳይፈጥር ይቀራል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ከዚህ ቤት ምን ወረሰ? ፊደል ቆጠራውን ወረሰ፣ ቅኔ ቆጠራውን ተወ። አቡጊዳውን እንኳ ብዙ ቦታ ጥሎታል። በአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ከምንባቡ ግርጌ የሚደረደሩት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ልጁ ያነበበውን መልሶ እንዲያመጣ የሚጠይቁ ናቸው፤ የራሱን አንድ መስመር እንዲጨምር የሚጋብዙት ጥቂት ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች፣ ከ13 ሺህ በሚበልጡ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ምዘና ውጤት ሲወጣ፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላቸው እየተቃረበ ፊደል ቆጥረዋል፤ አንዲት ቃል ግን የነሱ አልሆነችም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚል ትምህርት አምጥቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ጥበቡ ለብቻው ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት አማርኛው ከጎኑ በሌላ ክፍለ ጊዜ ሲቀመጥ፣ ሁለቱ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ይሆናሉ። ልጁ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይዘፍንና ይሥላል፤ ከዚያ ደወል ይደወልና «አሁን ቁም ነገር» ይባላል። ጥበብ ለንባብ ጌጥ አይደለም፤ መግቢያ በሩ ነው።

ከትምህርት ቤት ውጭ የተሠራውንም በፍትሕ እንመዝን። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። የአንድ አገር ሕፃናት ቃል የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን ከሳቸው አፍ ተምረዋል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ «ቂሉ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው፣ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሄደ። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አቀረቡ፤ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ በአማርኛ እየጠየቀችና እየተሳሳተች ልጆችን ታስተምራለች። የፕሮግራሙ ትልቁ ብልኀት እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ፀሐይ አዋቂ አይደለችም፣ ለማወቅ የምትጓጓ ልጅ ናት፤ ከካልሲ መሠራቷም ማንም ቤት ውስጥ ልትሠራ እንደምትችል ይናገራል።

ሆኖም ሦስቱም አንድ ወሰን አላቸው። ልጁን አድማጭ፣ አንባቢ፣ ተመልካች ያደርጉታል፤ ነጋሪ አያደርጉትም። ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ስክሪን የልጁን ድምፅ መልሶ ሊሰማ አይችልም፣ መጽሐፍም አያቀናውም። ያን የሚያደርግ ከፊቱ የተቀመጠ መምህር ብቻ ነው። ፀሐይ ስትሰናበት ካልሲውን አንሥቶ «አንተስ የማንን ድምፅ ትሰጠዋለህ?» የሚል መምህር ከሌለ፣ ዝግጅቱ ደስ ያለ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ያልፋል።

ጣሊያናዊው የሕፃናት ደራሲ ጃኒ ሮዳሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምናብ ሰዋስው መጽሐፉ ለመምህራን አንድ ቀላል ዘዴ ሰጥቷል። የማይገናኙ ሁለት ቃላት ውሰዱ፣ አንዱን ከአንዱ አጋጩ፣ ከግጭቱ ታሪክ ይወለዳል። ዓለም ይህን በአድናቆት ተቀብሎታል። የጎጃም ሰው ግን ሲሰማው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሰምና ወርቅ በየቤታቸው የነበሩ ሁለት ነገሮችን በአንድ ቃል ጣሪያ ሥር ማዋል አይደለምን? ልዩነቱ ሮዳሪ ዘዴውን ለስድስት ዓመት ልጅ ማውረዱ፣ እኛ ደግሞ ለሊቅ ማስቀመጣችን ነው።

የመራዊ ልጅ ለዚህ ባዶ እጁን አይመጣም። ከብት ሲጠብቅ በጭቃ በሬ ይሠራል፤ በዚያው ጭቃ «በ»ን ቢሠራ ማን ይከለክለዋል? እንቆቅልሽ ያውቃል፤ የተሸነፈው «አገር ስጠኝ» ሲባል አንዱ ደንበጫን፣ አንዱ ጎንደርን ይሰጣል። እነዚያን አገሮች ሰሌዳ ላይ መጻፍ በአንድ ጊዜ ጂኦግራፊም ንባብም ነው። ሰኞ ማክሰኞ ሲዘል ሳጥኖቹን መሬት ላይ ይሥላል፤ በየሳጥኑ አንድ ፊደል ይግባበት። የወፍ ቋንቋ ሲያወራ በየቃሉ መካከል ባዕድ ድምፅ እየሰካ ምሥጢር ያወራል። ይህን የሚችል ልጅ ቃልን ወደ ድምፅ መከፋፈል ዐውቋል ማለት ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በአብዛኛው የሚወክለው እነዚያኑ ቁርጥራጭ ድምፆች ነው። ልጁ የንባብን ግማሽ መንገድ በጨዋታ ሜዳ ሄዶ ጨርሷል፤ ክፍል ሲገባ ግን ከዜሮ እንዲጀምር ይታዘዛል።

«ይህ ሁሉ ለ20 ልጅ ይሆናል፤ 70 ልጅ ለታጨቀበት ክፍል ቅንጦት ነው» የሚል መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቅኔ ቤቱም ወረቀት አልነበረውም፤ ቅኔው የሚቆጠረው በቃል ነበር። ብዙ ተማሪ የሚያስተናግደውም የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ስለሚረዳ ነው። ሌላው ተቃውሞ «ጨዋታ ልጁን ያሰንፋል» የሚል ነው። ማታ ከመምህር ፊት ቆሞ የራሱን ሁለት ቤት ሊናገር የሚዘጋጅ ተማሪ ሰነፍ አይሆንም። ከቅኔ ቤቱ መውሰድ ያለብን ይህንን ጭምር ነው፤ ፈጠራው በየዕለቱ ይሁን፣ በሰው ፊት ይነገር፣ ይታረምም። እርማት የሌለው ጨዋታ ሲደጋገም ይሰለቻል፤ ጨዋታ የሌለው እርማትም ከአለንጋው አይለይም።

ነገሩን ከዚህ በላይ አስቸኳይ የሚያደርገው ደግሞ ዘመኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። መራዊ ራሷ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የሰላማዊ ሰዎች ደም ፈሶባታል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጦ ተናግሯል። ይህን ያየ ልጅ ዓመታት ባክነውበት፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ፊደል ሳይለይ ወደ ክፍል ሊመለስ ይችላል። ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጎን ተቀምጦ «ሀ ሁ» በል ቢባል የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ቀን ይሆናል። ኀፍረት ከድህነት ይልቅ ከትምህርት ቤት ያስወጣል።

ለዚያ ልጅ መቅደም ያለበት የሚናገረው ነገር እንዳለው ማመን ነው። ያየውንና የፈራውን፣ የናፈቀውንም በጭቃ ይሥራው፣ በተረት ይንገረው፣ ካልሲ አጥልቆ በሌላ ሰው ድምፅ ያውራው። ከነገረው ውስጥ አንድ ቃል መርጦ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት። ያ ቃል የሱ ነው፤ አይረሳውም። ነገ ሁለተኛ ይጨምርበታል። ሁለት ቃል ሲሆን ደግሞ ሁለት ቤት ለማቆም መንገድ ተጀምሯል። ጎጃም ይህን መንገድ ለዘመናት ያውቀዋል፤ የቀረው በሩን ለትንንሾቹ መክፈት ብቻ ነው።