የተለየው ድስት፤ ለጎልማሶች የሚሰጠው የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ሲመዘን

በ45 ዓመቱ ገደማ የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱ ወይም በደሙ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን መጨመሩ የተነገረው ሰው ከምርመራ ክፍል ይዞት የሚወጣው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጨው ይተዉ፣ ቅቤ ይተዉ፣ ሥጋ ይቀንሱ፣ ጣፋጭ አይቅመሱ፣ ስፖርት ይሥሩ የሚል ነው። ምክሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይነገራል፤ አንዳንዴም በወረቀት ታትሞ ይሰጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታካሚው ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሶ ሲገኝ ደግሞ ምክር የማይቀበል ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። ጥፋቱ በእርግጥ የሰሚው ብቻ ነውን? ወይስ ምክሩ ራሱ የጎደለው ነገር አለ?

ምክሩ በሳይንሳዊ ይዘቱ የሚነቀፍ እንዳልሆነ በቅድሚያ መገለጽ ይኖርበታል። በጎልማሳነት ዕድሜ የጡንቻ መጠን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የደም ቧንቧዎች የመለጠጥ ችሎታ ይደክማል፤ ሴቶች የወር አበባ ወደሚቋረጥበት ጊዜ ሲቃረቡ ስብ በሆድ አካባቢ ወደ መከማቸት ያዘነብላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ እንዳይበልጥ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድለቱ ያለው ምክሩ በሚነገርበት ቋንቋና ከምክሩ በስተጀርባ ባለው አስተሳሰብ ላይ ነው። አስተሳሰቡ ጤናን በአንድ ወገን፣ ደስታን በሌላው ወገን አቁሞ ታካሚውን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። በዚህ መልክ የቀረበለት ሰው ለጥቂት ቀናት ጤናን ይመርጣል፤ ቀሪውን ዕድሜውን ግን ከሚወደው ነገር ጋር ሲታገል ይኖራል።

የክልከላው ቋንቋ አንድ መሠረታዊ እውነት ይዘነጋል፤ ይኸውም ምላስ የሚማር መሆኑ ነው። የጨው መጠን ቀስ በቀስ ሲቀነስ ምግቡ መጀመሪያ ላይ ጣዕም የለሽ ይመስላል። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ምላስ ይለምደዋል፤ ቀድሞ ልክ የነበረው ጨው ያን ጊዜ የበዛ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልተነገረው ታካሚ የመጀመሪያው ሳምንት መራርነት እስከ ዕለተ ሞቱ የሚዘልቅ ይመስለውና ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። በአንጻሩ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ የጨውን ቦታ በከፊል ሊተኩ እንደሚችሉ የተነገረው ሰው የታዘዘለት አዲስ ጣዕም እንጂ ቅጣት አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚታየው ግን በማዕድ ላይ ነው። የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ማዕድ የጋራ ነው፤ አንድ ገበታ ከበው፣ ከአንድ እንጀራ ቆርሰው፣ ተጎራርሰው ይበላሉ። ለግለሰብ ብቻ ተብሎ የተሰጠ ምክር ወደዚህ ቤት ሲገባ ሁለተኛ ድስት ይጣዳል፤ "የበሽተኛ ወጥ" የሚል ስም ይወጣለታል። አባት ወይም እናት ጨው አልባውን ወጥ በሌላ ሳሕን ይዘው ከገበታው ፈቀቅ ይላሉ። ጉርሻ የሚዘረጋላቸው ሰው ይጠፋል፤ ቢዘረጋላቸውም መቀበል ይፈራሉ። በሽታው ገና ምንም ሕመም ሳያሰማቸው ሕክምናው ከቤተሰባቸው ለይቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጋራው ገበታ ቢመለስ የራበው ጨው ሳይሆን ሰው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ድስቱን መለየት ሳይሆን የቤቱን ሁሉ ድስት ማሻሻል ነው። በጋራው ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨውና ዘይት ቢቀነስ፣ ጎመኑና ምስሩ ቢበዛ፣ ጠቀሜታው ለሁሉም ነው። የጾም ምግብም በዚሁ ዓይን መታየት ይገባዋል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲቀርቡ በአሰርና በዕፅዋት ፕሮቲን የበለጸገ ማዕድ ይሆናሉ፤ ዘይቱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። በተለይም የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ቅባት በመሆኑ መጠኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ደስታን በምክር ውስጥ ማካተት ሳይንስን ማላላት እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ልምድ ያመለክታል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው 10 ነጥቦችን በያዘ የአመጋገብ መመሪያ ውስጥ የመጀመሪያው ነጥብ ሕዝቡ በምግቡ እንዲደሰት የሚጋብዝ ነው። የብራዚል የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው መመሪያ ደግሞ ምግብን በንጥረ ነገር ብቻ መመዘኑን ትቶ በፋብሪካ እጅግ ከተቀነባበሩ ምግቦች ይልቅ በቤት የተሠራ ትኩስ ምግብን ያስቀድማል፤ በተመቸ ስፍራ፣ ሳይጣደፉ፣ በተቻለ መጠንም ከሰው ጋር መብላትን እንደ ጤና ምክር ይሰጣል። ለብራዚላውያን በመመሪያ መጻፍ ያስፈለገው ይህ አብሮ የመብላት ባህል በኢትዮጵያ ገና ያልጠፋ ሀብት ሆኖ ሳለ የሕክምናው ምክር ሳያውቀው ሊያፈርሰው መቃረቡ የሚያሳዝን ነው።

በአሜሪካ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ለዚህ ክርክር ጠቃሚ ማስረጃ ነው። 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን አማካይ ዕድሜያቸው 51 ዓመት ነበር። የአኗኗር ለውጥ ያደረጉት ተሳታፊዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከንጽጽሩ ቡድን በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሷል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ አኃዝ ነው። የሚዘነጋው ግን ውጤቱ የተገኘው በአንድ ቀን ትእዛዝ አለመሆኑ ነው። ተሳታፊዎቹ ከአማካሪ ጋር በ16 ክፍለ ጊዜያት ተገናኝተዋል፤ ምክሩም ከእያንዳንዱ ሰው ኑሮና ባህል ጋር እንዲስማማ ተደርጓል። ያን ያህል ጊዜ መስጠት በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል የሚቻል አይሆንም፤ "ምን መብላት ይወዳሉ? ከማን ጋር ይበላሉ?" ብሎ ለመጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የአካል ብቃት እንቅስቃሴው ምክርም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። ሯጮቿ በዓለም በታወቁባት አገር "ስፖርት" የሚለው ቃል በጎልማሳው አእምሮ የሚቀርጸው ምስል ቀጭን፣ ፈጣንና ወጣት ነው። ወገቡ የሰፋና ጉልበቱን የሚያመው የ50 ዓመት ሰው ከዚህ ምስል ውስጥ ራሱን አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ በሁለት ቀናት ጡንቻ የሚያጠናክር ሥራ ይመክራል። ከዚህም በላይ እንቅስቃሴው እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ መዝለቅ አለበት የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንሥቷል። ስለዚህ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ከባልንጀራ ጋር እየተጨዋወቱ መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ በሠርግ ቤት እስክስታ መውረድም ሁሉ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሺዎችን ወደ አዲስ አበባ ጎዳና የሚያወጣው በትእዛዝ ሳይሆን በዘፈኑ፣ በጭፈራውና በጋራ ድምቀቱ ነው። ከምክር ወረቀቱ የቀረው ይኸው ነው።

ይህ ሲባል ደስታ ሁሉ ጤና ነው ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ቁርጥና ቢራም የወዳጅነት ደስታ አላቸው፤ ሲደጋገሙና ሲበዙ ግን ዋጋቸውን ልብና ጉበት ይከፍላሉ። ሲጋራን በተመለከተ ክልከላው ክልከላ ሆኖ መቆየት አለበት። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ መመርመር፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውም ስለ ጾምና ስለ እንቅስቃሴ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ግድ ይሆንባቸዋል። ፍራፍሬ ለመግዛት አቅም ለሌለው፣ ከሥራ መልስ የቤት ውስጥ ጫና ለሚጠብቃት እናት፣ የሚሄድበት የእግረኛ መንገድ ለሌለውም ሰው ደስታ በምክር ብቻ አይገኝም፤ የገበያና የከተማ አስተዳደር ፖሊሲን ይሻል።

ሆኖም እነዚህ ገደቦች የሐኪሙን ድርሻ አያስቀሩትም። አንድ ጎልማሳ ከምርመራው በኋላ ገና 20 ወይም 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህን ያህል ዘመን በፍርሃት ብቻ የሚጸና ልማድ ያለ አይመስልም። ምክሩ መመዘን ያለበት ታካሚው በወጣበት ቀን ራሱን በመነቅነቁ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ፣ ከአንድ ድስት የተሻለ ምግብ እየበላ በመገኘቱ ነው።