ጥዝ የሚለውና የሚንጣጣው

ማንኛውም ቤት የራሱ የኤሌክትሪክ ድምፅ አለው። ፍሪጁ፣ ስታቢላይዘሩ፣ የድሮው ፍሎረሰንት መብራት ባላስት፣ ሁሉም ዝግ ባለ ድምፅ ጥዝ ይላሉ። ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ፣ በመጠምጠሚያቸው ውስጥ ያለው ብረት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ መሆኑ ነው፣ ዓይን በማያየው መጠን ይለጠጣል፤ ይሰበሰባል። ይህ ድምፅ ወጥ ነው፤ አይቆራረጥም። የዕቃው ማሰሪያ ሲላላ ከፍ ሊል ይችላል እንጂ ብቻውን አያስደነግጥም።

የሚንጣጣው ግን ሌላ ነው።

ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ሲንጣጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ሽቦው በደንብ አልተነካካም ማለት ነው። እንጀራ ምጣድን እንውሰድ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፒር ገደማ ይስባል። በላላው ብሎን ሥር ያለው ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በዚያች ነጥብ ላይ 25 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት ካውያ ከዚህ የሚበልጥ ኃይል አያስፈልገውም። ብሎኑ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ በእያንዳንዱ የመጋገሪያ ቀን ትንሽ ይበልጥ ይላላል። ፕላስቲኩ ይጠቁራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ምጣዱ የሚስበው ያንኑ 16 አምፒር ስለሆነ ብሬከሩ አይወርድም። ብሬከር ከመጠን ያለፈ ጭነትን እንጂ የላላ ብሎንን አያውቅም። ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ነው፤ ቀጥሎም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸትተው አፍንጫ።

«እማማ፣ ድምፁ የሚሰማዎት መቼ መቼ ነው?» ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ይህን ይጠይቃል። ዕቃ መቀየር ቀላሉ ነገር ነው፤ የቤተሰብ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም በዚያ በኩል ነው። እማማ «ማታ ማታ፣ ራት ሲሠራ» ካሉና ፍሪጁ ጥዝ ብሎ፣ ጠቅ ብሎ ዝም የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፕረሰሩ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ኮምፕረሰሩ ለመነሣት ይታገላል፣ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል፤ ሲበርድ ደግሞ እንደገና ይሞክራል። ቮልቴጁን በጠዋት መለካት እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት መገኘት ግድ ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ በማይታወቅበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ ትልቅ መሣሪያ ነው። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሄርትዝ እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች የሬዲዮ ሞገድን የፈጠረው በብልጭታ ነበር፤ የሚንጣጣ ሶኬትም ሳይታሰብ ያንኑ ያደርጋል። ሬዲዮው መካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ይከፈታል፤ ከዚያ ብሬከሮቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ጫጫታው የቆመው የትኛው ሲጠፋ ነው? በዚያ መስመር ላይ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ በተራው ይነቀላል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንደፈታው አያውቅም። ጫጫታው የሚቆራረጥ ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምንጩ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ሆኖ ይገኛል። ማጣሪያቸው ከወጪ ለመቆጠብ ሲባል የተቀነሰባቸው ብዙ ናቸው። በአጭር ሞገድ ዜና የሚከታተሉ አባቶች አምፖል በተቀየረ ማግሥት ጣቢያቸው ቢጠፋባቸው በጆሯቸው አይፈረድም።

የላላው የሽቦ መገናኛ ከተገኘ በኋላ ሥራው አጭር ነው። ዋናው ብሬከር ይጠፋል፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል፣ የጠቆረው ጫፍ ተቆርጦ ንጹሕ ሽቦ በአዲስ ሶኬት ላይ ይታሰራል። አልሙኒየምና መዳብ ተጠምዝዘው በፕላስተር ከተጠቀለሉ ግን ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ እርጥበት ሲያገኛቸው መነካኪያቸው ይበላልና።

አንዳንዴ ኤሌክትሪኩ ጭራሽ የለበትም። ዋናው ብሬከር ጠፍቶም ግድግዳው የሚያጓራ ከሆነ ጣራ ላይ መውጣት ይሻላል፤ ሮቶው ሊሞላ ሲል ውኃ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ሲንቀጠቀጥ ቧንቧውን በሙሉ ያንዘረዝረዋል።

አንድ ምልክት ግን ምርመራ አይጠብቅም። ምጣዱ ሲበራ አንዱ መብራት ደብዝዞ ሌላው ከልክ በላይ ከደመቀ፣ ኒውትራሉ ተበጥሶ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ዕቃዎች በሁለቱ ፌዞች መካከል ያለውን 380 ቮልት ይከፋፈላሉ፤ ቀላል ጭነት ያለበት ወገን ብዙውን ይወስዳል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅም በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላሉ። ዋናው ብሬከር ወዲያው ይጥፋ፣ ዕቃዎቹ ይነቀሉ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠራ፤ በየፌዙ ያለው ቮልቴጅ ተለክቶ 220 ገደማ መሆኑ እስኪረጋገጥም ምንም ዕቃ አይሰካ።