ካቻቢቴው ይቆይ

ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፣ በጋራዥ ቋንቋ ኩለር፣ የተገጠመለት አውቶማቲክ መኪና ከቆመበት ሲነሳ መሬቱ ላይ ቀይ ጠብታ ከተገኘ ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ወደ ኩለሩ የሚሄዱት ሁለት የጎማ ቱቦዎች ይዳሰሳሉ፤ ጣት ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ካቻቢቴ ይፈለግና ማሰሪያዎቹ ሁለት ሁለት ዙር ይጠብቃሉ፤ ጨርቅ ያልፍባቸውና «አሁን ይዟል» ይባላል። በሳምንቱ ጠብታው ይመለሳል። ያኔ ጥፋተኛው ዕቃው ይሆናል፤ ፎርጂድ ነው፣ ኦርጅናል አይደለም ይባላል። አዲስ ኩለር ተገዝቶ በአሮጌው ቱቦና በአሮጌው ማሰሪያ ይገጠማል፤ ጠብታውም ወደ አዲሱ ይዛወራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከተጨማሪ ኩለር ዙሪያ የሚፈስ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የኩለሩ ሳይሆን የመገጣጠሚያው፣ ማለትም የገጣሚው እጅ ጥፋት ነው፤ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ምንም ከመጥበቁ በፊት ያለው ሰዓት ወርቅ ነው። ማጥበቅ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ ምርመራ ግን አይደለም። ሳይመረመር ከቀደመ ማስረጃ ያጠፋል።

ኩለሩ ለምን እንደተጨመረ ማስታወስ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሙቀት በብዛት የሚመነጨው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። መኪናው ተጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይናጣል፣ የሞተሩም ጉልበት ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከዓባይ በረሃ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ይህን ሁሉ ሙቀት ይዞ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። ፋብሪካው የሚሰጠው ማቀዝቀዣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ የተቀበረ ነው። በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2010 በአሜሪካ በተሸጡ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ፍሮንቲየርና ኤክስቴራ መኪኖች ላይ ይህ የተቀበረ ማቀዝቀዣ እያፈሰሰ የራዲያተር ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ገብቶ ስላበላሸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ብዙ ባለቤቶችም የራዲያተሩን ትተው ውጪ የሚቆም ኩለር አስገጥመዋል። ስለዚህ ኩለር መጨመር የቅንጦት ሥራ አይደለም። ዋጋው ግን ይህ ነው፦ አንድ ኩለር ሲገባ ቢያንስ አራት አዳዲስ መገጣጠሚያዎች አብረው ይገባሉ፤ ሁለት ኩለሩ ላይ፣ ሁለት ደግሞ ጎማው ከመኪናው የብረት ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ። ኩለሩ ፋብሪካ ውስጥ የተበየደ አልሙኒየም ነው። አራቱ መገጣጠሚያዎች የተሠሩት ግን መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ አንድ እጁን ብቻ ማስገባት በቻለ ሰው ነው።

ወደ መገጣጠሚያዎቹ ከመሄዳችን በፊት ጠብታው የካምቢዮ ዘይት መሆኑ ይረጋገጥ። ቀይ ሁሉ የካምቢዮ አይደለም። የቶዮታ የራዲያተር ፈሳሽ ቀይ ወይም ሮዝ ነው፤ ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ደግሞ ለመሪው የሚጠቀሙት ያንኑ ቀይ የካምቢዮ ዘይት ነው። የራዲያተር ፈሳሽ ንጹሕ ካርቶን ላይ ሲንጠባጠብ ሰርጎ ይደርቅና ቀለሙን ብቻ ይተዋል። ዘይቱ ግን እየተስፋፋ ካርቶኑን ያወዛዋል፤ በማግስቱም አይደርቅም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢጨመሩ አንዱ ይሟሟል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። ከዚያ የዘይቱ መጠን ይለካ፤ ይህ ብዙዎች የሚዘልሉት ደረጃ ነው። ኩለሩና ቱቦዎቹ ሲጨመሩ ዘይት መጨመር ግድ ነው፤ በግምት ሲጨመር ደግሞ ይበዛል። የበዛ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋውም ካምቢዮው አናት ላይ ባለው መተንፈሻ ወጥቶ በጎኑ ይወርዳል። ታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ከቱቦ የፈሰሰ ይመስላል። አለካኩም እንደ መኪናው ነው። ቶዮታ ላይ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካል፤ ሆንዳ ላይ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የአንዱን ልማድ ለሌላው ያዋለ ሰው ያልጎደለውን ሞልቶ ያስተፋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ዘይቱ የት እንዳረፈ ይነግረናል እንጂ ከየት እንደወጣ አይነግረንም። ኩለሩ የሚቆመው ከፊት፣ ከኤሲ ኮንደንሰሩ ቀድሞ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ፣ ሲቆም ደግሞ ፋኑ፣ አየሩን ከፊት ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ ዘይቱም አብሮ ይሄዳል። ከኩለሩ አፍ የወጣ ዘይት ኮንደንሰሩንና ራዲያተሩን አልፎ፣ ሞተር ሥር ባለው መከላከያ ላይ ተጠራቅሞ፣ መከላከያው በተበሳበት ቀዳዳ፣ ምናልባት ካምቢዮው አጠገብ፣ ይንጠባጠባል። መሬቱን አይቶ የካምቢዮ ኮፓ ጓርኒሲዮን የሚቀይር መካኒክ የተሳሳተው እጁ ሳይሆን አነሳሱ ነው። መነሳት ያለበት ከላይና ከፊት ነው፦ እርጥብ ከሆኑት ሁሉ ከፍ ብሎና ቀድሞ የሚገኘው ቦታ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። አሮጌው እርጥበት ካልተነሳ ግን ይህ ቦታ አይለይም። ስለዚህ መከላከያው ይወልቃል፤ አራቱም መገጣጠሚያዎች፣ ኩለሩ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ በፍሬን ማጽጃ ወይም በሳሙና ውሃ ታጥቦ በአየር ይደርቃል፤ ይህም ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው፣ ማጽጃው የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ መረጨት የለበትም። ካጠቡ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሕፃን ፓውደር መነስነስ ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው፤ ነጩ ላይ ቀዩ እንደ ክር ሆኖ ይታያል። ያለው ደግሞ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ይጨምራል። ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ትዕግሥቱ ነው፤ አጥቦ፣ አሙቆ፣ ነድቶ፣ እንደገና ማየት።

መቼ እንደሚፈስ ማወቅ ከየት እንደሚፈስ የማወቅ ግማሽ ነው። ዘይቱን ወደ ኩለሩ የሚገፋው የካምቢዮው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ ደርቆ፣ ሌሊት ቆሞ ካደረ በኋላ ግን ኩሬ የሚሠራ መኪና ጥርጣሬውን ከኩለሩ መስመር ያርቃል፤ ኮንቨርተሩ ሌሊት ወደ ኮፓው ስለሚያራግፍ የዘይቱ ከፍታ ይጨምራል፣ ያኔ የላላ ጓርኒሲዮን ወይም ያረጀ ፓራዮሊዮ ይናገራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሲነሳ አንጠባጥቦ ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ጎማውን እናስብ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የደረቀ ጎማም በብርድ ይኮማተራል። ሲሞቅ ጎማው አብጦ ይዘጋዋል። በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ደርቆ ከረጅም ጉዞ በኋላ የሚያልብ ነገር ብዙ ጊዜ ብረት ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ በዚያ የሚያልፈው የቀጠነ ዘይት ብቻ ነውና። ማሰሪያውን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ይህን ሁሉ ምልክት ለጊዜው ዝም አሰኝቶታል።

ለምን ለጊዜው? አንዱን መገጣጠሚያ ቀረብ ብለን እንየው። ፋብሪካው የሠራው የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ጎማው ጉብታውን አልፎ ሲገባ ማሰሪያው ከጉብታው ወዲያ ይቀመጣል፣ ጎማውም ወደ ኋላ መንሸራተት አይችልም። ኩለር ሲገጠም ግን ብዙ ጊዜ ቱቦው በብረት መጋዝ ይቆረጣል። ጉብታው አብሮ ይሄዳል፤ የቀረው ልሙጥ ብረት ነው። ዝገቱን ለማንሳት በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ደግሞ በቁመቱ የሚሄዱ ጭረቶች ይቀራሉ። እነዚህ ጭረቶች ለዘይቱ ቦይ ናቸው። ጎማው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ቦዩ ውስጥ አይገባም። የማሰሪያው ብረት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከሆነ ሲጠብቅ ጎማው በቀዳዳዎቹ ይወጣል፣ ቆዳው ይቆረጣል፤ ከሳምንት በኋላ የሚፈሰው በቦዩ ብቻ ሳይሆን በተቆረጠውም ነው። ጎማው የነዳጅ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ለጋለ የካምቢዮ ዘይት ታስቦ አልተሠራምና በጥቂት ወራት ይደርቃል። የብሎን ጥርስ ያለው መገጣጠሚያም የራሱ ወጥመድ አለው። የአሜሪካው ባለ 1/4 ኢንች ሾጣጣ ጥርስ በአንድ ኢንች 18 ነው፤ የእንግሊዙና ጃፓኖቹ የሚጠቀሙበት 19 ነው። አንዱ ሌላው ውስጥ ሁለት ዙር ያህል በሰላም ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ የጠበቀው ግን ተገጣጥሞ ሳይሆን ተጣልቶ ነው። ይህን በመፍቻ ማስገደድ የኩለሩን የአልሙኒየም አንገት ይሰነጥቃል፤ ያኔ «ኩለሩ ነው» ያለው ሰው እውነተኛ ይሆናል፣ እውነቱን ራሱ ሠርቶታልና። ቴፍሎንም ቢሆን ለሾጣጣው ጥርስ እንጂ ብረት ከብረት ጋር ፊት ለፊት ተጋጥሞ ለሚዘጋው አፍ አይረዳም፤ ቁራጩ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የካምቢዮውን ቀጫጭን መተላለፊያ ከመዝጋት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሦስት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው የሒሳብ ነው፤ ጎማና ማሰሪያ ርካሽ ነው፣ ሁሉንም ቀይሮ መገላገል እያለ ግማሽ ቀን ማጠብና ማየት ለምን? ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ጎማው አሮጌ ከሆነ እኔም እንዲቀየር እመክራለሁ። ነገር ግን አዲስ ጎማ ጭረት ያለው ብረት ላይ ሲገባ ጭረቱን አይቀይረውም፤ ሁሉን መቀየር የሚሠራው ጥፋቱ ከተቀየሩት ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ትንሽ ላብ ምን ያደርጋል» የሚለው ነው። ለሞተር ዘይት ይህ አንዳንዴ ይሠራል፤ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ማርሹን የሚይዝ ግፊትም ነው። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። ያም ላብ ጭስ ማውጫው ላይ የሚያርፍ ከሆነ የእሳት ነገር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ግድ ነው፤ ካምቢዮ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መዞርም ከጎማ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፍትሐዊ ነው፤ ኩለርም ይበሳል። አዎ፣ ይበሳል። በተለይ በኮንደንሰሩ ክንፎች መሐል በሚያልፉ የፕላስቲክ ዘንጎች ታስሮ ትራስ ስፖንጁ ሲያልቅ፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ አንዳንዴ የሚበሳው ኩለሩ፣ አንዳንዴ ኮንደንሰሩ ነው። ይህን ማረጋገጥ ግን ከሁሉ ቀላሉ ምርመራ ነው። ኩለሩ ይወልቃል፣ አንዱ አፉ ይደፈናል፣ በሌላው ከኮምፕሬሰር ልኩ በተቀነሰ ግፊት አየር ገብቶ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጠለቃል። አረፋ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ኩለር ለመግዛት ከመሄድ በፊት ይህን አሥር ደቂቃ የማይሰጥ ሰው ኩለሩን መክሰስ አይችልም።

የቀረው ጠብታ የሌለው መፍሰስ ነው። መለኪያው እየጎደለ፣ መሬቱ ደረቅ፣ አራቱም መገጣጠሚያዎች በፓውደራቸው ነጭ ሆነው ሲገኙ፣ ውጪ ካለው ኩለር በፊት ዘይቱ አሁንም በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን እንይ። ሞተሩ ሲሠራ የካምቢዮው ዘይት ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ውሃው ይሻገራል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የጋለው የራዲያተር ውሃ ግፊቱን ይዞ ይቆይና ወደ ዘይቱ ይመለሳል። ካቻቢቴ የሚደርስበት ቦታ አይደለም። ማለዳ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈትና ጣት ይገባ፤ ከዚያ የካምቢዮው መለኪያ ይመዘዝ። ክዳኑ ሥር ቅባት፣ መለኪያው ላይ ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ነገር ከታየ መኪናው ሞተሩ ሳይነሳ እዚያው ይቁም።